ለትራክ የምትሆን መኪና በጎጃም ለመሥራት የትኛዋን እንረድ? ዲኤክስ፣ ላዳ፣ ቪትዝ፣ ቮልስ ወይስ ባጃጅ

አሮጌ መኪና አርዶ ለትራክ የምትሆን ሌላ መኪና ለመሥራት የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሳው የሞተሩን የፈረስ ጉልበት ነው። ከዚያ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ የት ነው የምትነዷት? ጎጃም ውስጥ ለእሽቅድምድም ተብሎ የተሠራ የአስፋልት ትራክ የለም። ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ብትወርዱ የምታገኙት ወይ የሕዝብ መንገድ ነው፣ ወይ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ለአንድ እሑድ የምትይዙት ሰፊ ግቢ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ የሚወርደው ጠመዝማዛ ልብ እንደሚያማልል አውቃለሁ። ያ ግን ተሳቢና አውቶቡስ ፍሬኑ እየጋለ የሚወርድበት መንገድ ነው። እዚያ ላይ ሰዓት መያዝ የሰው ነፍስ ማስያዝ ነው፤ ይህን ያሰበ ሰው ንባቡን እዚህ ላይ ቢያቆም ደስ ይለኛል።

እንግዲህ የእኛ የትራክ ቀን ማለት በተዘጋ ግቢ ውስጥ ኮን (የትራፊክ ማመልከቻ የፕላስቲክ ሾጣጣ) ተደርድሮ፣ መኪና አንድ በአንድ እየገባ፣ ሰዓት እየተያዘለት የሚነዳበት ነው። ረጅም ቀጥታ ስለሌለ ፍጥነቱ በሰዓት ከ70 ወይም ከ80 ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም። እንዲህ ባለ ቦታ ከትልቅ ሞተር ይልቅ ቀላል ክብደት፣ የሚታመን ፍሬንና ከኋላ የሚገፋ ጎማ ይበልጣል። ፍርዴን አሁኑኑ ልናገር፦ ብዙዎቻችሁ ዲኤክስ ብታርዱ ይሻላችኋል፤ ጥሩ በያጅ ያለው ደግሞ ቪትዝ። ሙሉ ላዳ ያገኘ ዕድለኛ ነው። ባጃጅ ለተማሪ ትሁን። ቮልስን ተዉአት።

ከፍታችን ምርጫውን ይለውጠዋል

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ባሕር ዳር ላይ ከጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ፣ ማርቆስ ላይ ወደ አንድ አራተኛ ያጣል። በፋብሪካ ወረቀት 60 የፈረስ ጉልበት የተባለ ሞተር ጣና ዳር 48 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። «ለሁሉም እኩል ከሆነ ምን ለውጥ አለው?» የሚል አይጠፋም። ለውጥ አለው። ካርቡራቶር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ቆላው መጠን ይለቃል፣ ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ጋዝ ሲሰጡት ያንቀዋል። መፍትሔው ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችውን ቤንዚን አሳላፊ ባለቀዳዳ ብሎን ጠበብ ባለች መለወጥ ነው፤ ሥራው የአንድ ከሰዓት ቢሆንም ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል። ኢንጀክሽን ያለው፣ ማለትም ቤንዚኑ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭበት፣ ሞተር አየሩን በሴንሰር ለክቶ ራሱን ያስተካክላል። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ጉልበቱ ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣውም አብሮ ይሳሳበታል።

ፍሬን ላይም ይደርሳል። ፔዳሉን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በከባቢ አየር ግፊትና በሞተሩ የመሳብ ኃይል ልዩነት ስለሆነ ከፍታ ላይ እገዛው ይቀንሳል። ውኃም ማርቆስ ላይ ክዳኑ ክፍት በሆነ ዕቃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ ግፊት የማይዝ አሮጌ የራዲያተር ክዳን በርካሽ የሚገዛ ትልቅ ጣጣ ነው።

ኪቱን ከውጭ ማስመጣት ወይስ ሻንሲውን እዚህ መበየድ?

እንግሊዝ አገር ኪት ካር ማለት ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሻንሲ፣ ማለትም የመኪና አጽም፣ ከነቦዲው ነው፤ ገዢው አንድ አሮጌ መኪና አርዶ ሞተሯን፣ ካምቢዮዋንና አክስሏን ይገጥምበታል። ከመልኮቹ ሁሉ የታወቀው የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማን በ1957 እ.ኤ.አ. ካወጣው፣ ዝቅ ካለውና ጣሪያ ከሌለው ሎተስ ሰቨን የተወረሰው ነው፤ ኬተርሃም የተባለው ድርጅት መብቱን በ1973 ወስዶ እስከ ዛሬ ይሠራዋል። አሁን እነሱ አገር በጣም የምትፈለገው ታራጅ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት። እሷን ጎጃም ውስጥ መፈለግ ዘበት ነው። ኪቱንም ቢሆን በውጭ ምንዛሬ ገዝቶ፣ ቀረጥ ከፍሎ፣ ከጅቡቲ አስጭኖ የሚያስመጣ ሰው ይህን መመሪያ አይፈልግም።

ለቀረነው መንገዱ ቱቦላሬ ገዝቶ ሻንሲውን መበየድ ነው። በሰቨን መልክ የሚሠራ የቤት ሻንሲ የተለመደው ብረት 25 በ25 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ወይም 1.6 የሆነ ነው። ብረት ቤት ስትሄዱ ካሊፐር ያዙ፤ ተጽፎ ያለውና እውነተኛው ውፍረት ሁልጊዜ አይገናኙም። ይህን ቀጭን ብረት የመስኮት ፍርግርግ በሚበየድበት ወፍራም ኤሌክትሮድ የነካ በያጅ ቀዳድቶ ይሰጣችኋል፤ ሚግ (በቀጭን ሽቦ የሚበይድ ማሽን) ያለው ቤት ፈልጉ። አራት ማዕዘኑን ሁሉ በሰያፍ ብረት ሦስት ማዕዘን አድርጉት። ሰያፍ የሌለው ሻንሲ የቱንም ያህል ቢወፍር ይጠማዘዛል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ገበያው ያለው አገር ውስጥ ባሉት ነው። ስለዚህ ለእርድ የሚፈለገው በደንብ የምትሄደው መኪና አይደለችም። ቦዲዋ የተጋጨ ወይም የዛገ፣ ከሥር ያለው ግን ደህና የሆነላት ናት። ጣሪያው የተጨፈለቀ መኪና ለሌላው ሰው ኪሳራ ነው፤ ለእኛ ግን ጣሪያው የሚጣል ነገር ነው።

ዲኤክስ

እኛ ዲኤክስ የምንላት ባለ አራት ማዕዘኗ ኮሮላ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣችውና ከኋላ የምትገፋው ትውልድ ናት። በ1983 የመጣው ተከታይ ትውልድ በአብዛኛው ወደ ፊት ጎማ ዞሯል፤ «ዲኤክስ» የሚለው ጽሑፍ ግን እነዚያም ላይ ይገኛል። ስለዚህ ሻጩን አትመኑ፤ ጎንበስ ብላችሁ ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅም ዘንግና ዲፈረንሻሉን በዓይናችሁ እዩ።

ብዙውን ጊዜ የምታገኙት ሞተር 4ኬ ነው፦ 1,290 ሲሲ፣ ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) አሉሚኒየም፣ ወደ 60 የፈረስ ጉልበት። «ይህ ምን ሞተር ነው?» ማለታችሁ አይቀርም። አስሉት፦ መኪናዋ ስትገዙ 900 ኪሎ ገደማ ናት። በሰቨን መልክ ስትሠሯት 550 ኪሎ ላይ ማድረስ ይቻላል። ያው ሞተር በከፍታው ምክንያት 48 የፈረስ ጉልበት ቢሰጥ እንኳ በአንድ ቶን 87 ይሆናል፤ ሳትነካ ባሕር ዳር ላይ ከምትሄደው ዲኤክስ 53 ጋር አስተያዩት። ለኮን ሜዳ ይህ ይበቃል። ከቤንዚን ጉዳይም አንጻር እዩት፤ ማደያ ሲደርቅ በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም፤ 4ኬ ያንን ጠጥቶ ቢታመም ካርቡራቶሩን ፈትቶ በአንድ ሰዓት ማጠብ ነው።

የኋላው አክስል ዋናው ሀብት ነው። የቤት መኪናዋ ኋላዋ በአራት ዘንግና በአንድ አግዳሚ ዘንግ ተይዞ በሞላ የሚቆም ነው፤ ከጊዜ በኋላ ስመ ጥር የሆነችው የቶዮታ ኤኢ86 ኮሮላ የኋላ አሠራሯ ከዚህ ጋር የአንድ ቤት ነው። ሻንሲ ላይ አምስት መያዣ በትክክለኛ ቦታ ከበየዳችሁ ሥራው አለቀ። ባሌስትራ ያላት የጭነት ቫን ከቀረበላችሁ ለዚህ ሥራ እለፏት።

ችግሯ ፊቷ ላይ ነው። የፊት አሞርዛተሯ ረጅምና ቀጥ ያለ ስለሆነ ዝቅ ባለ የሰቨን ኮፈን ውስጥ አይገባም። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የጎማ ተሸካሚውን አስቀርቶ ላይኛና ታችኛ ክንድ ቶርኖ ቤት ማሠራት ነው፤ ያምራል፣ ይሠራል፣ ነገር ግን ልኬቱ ትንሽ ቢሳሳት ጎማው ጉድጓድ በነካ ቁጥር መሪውን ይጎትታል። ሁለተኛው ለጀማሪ የምመርጠው ነው፦ የሰቨንን መልክ ተዉትና የዲኤክሷን ወለልና የፊት አሞርዛተር ማማዎች እንዳሉ አቆዩ፤ በር፣ ጣሪያ፣ መስታወት፣ ኮፈን ይውጣ፤ በምትኩ ዙሪያዋን የብረት ቱቦ ጎጆ ይበየድላት። ክብደቷ 550 ሳይሆን 650 ወይም 700 ኪሎ ትሆናለች። መሪው፣ ፍሬኑና የጎማው አቀማመጥ ግን ቶዮታ ለክቶ ያስቀመጠው ነው። ዲኤክስ የተለየ ሻንሲ ስለሌላት ጣሪያው ከመቆረጡ በፊት ቱቦው ይግባ። ቀድማችሁ ከቆረጣችሁ መሐሏ ይጎብጣል።

መለዋወጫዋ ባሕር ዳር ጋራዦች ውስጥ አለ፤ የጠፋው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛል። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ዳንግላ 4ኬን ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክ አታጡም። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ይህ ከየትኛውም የፈረስ ጉልበት ይበልጣል።

ላዳ

በአሠራር ብቻ ቢሆን ኖሮ ላዳን አንደኛ አደርጋት ነበር። ቶግሊያቲ ውስጥ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራችው ላዳ መነሻዋ ፊያት 124 ናት፤ ያች ፊያት በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና የተባለችው ናት። ፊቷ ላይ ዲኤክስ የሌላት ነገር አላት፦ ላይኛና ታችኛ ክንድ። የሰቨን መልክ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ረጅሙ የአሞርዛተር ማማ የለም፣ ኮፈኑ ዝቅ ይላል። ኋላዋም በሞላና በአምስት ዘንግ የተያዘ ድፍን አክስል ነው። ሞተሮቿ ከ1,200 እስከ 1,600 ሲሲ ናቸው፤ ቫልቮቹን የሚከፍተው የካም ዘንግ ከላይ፣ ቴስታታው ውስጥ ነው፤ በዚህም ከ4ኬ በአንድ ደረጃ ይቀድማሉ።

ታዲያ ለምን አንደኛ አላደረግኋትም? አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ለብሳ ታክሲ ስትሠራ የኖረችው ላዳ ጎጃም ላይ እምብዛም አልተረፈችም። አንዷን ብታገኙ የምትፈልጓት ኩሽኔታ በአውቶቡስ ተልካ ነው የምትመጣው። ቸርኬዋም አራት ብሎን በ98 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ነው፤ የዲኤክስ 114.3፣ የቪትዝ 100 ስለሆነ ከጓደኛ ጎማ መዋስ የለም። መሪዋ በሳጥን የሚሠራ ስለሆነ መሐል ላይ ትንሽ ክፍተት አለው፤ ኮን ሲዞሩ ይሰማል።

ያም ሆኖ ባሕር ዳር ላይ ላዳ የምታውቅ እጅ ትኖራለች የሚል ግምት አለኝ። ፖሊ (የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ) በ1963 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም በሶቪየት እርዳታ ነው፤ በሩሲያ መሣሪያ የሠለጠኑ አዛውንት አሁንም አሉ። አንዱን «ጋሼ፣ ላዳ ትፈታለህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀኑ እዚያው ይመሻል።

ቪትዝ

ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣችው ቪትዝ ሞተሯ ኢንጀክሽን ነው፤ ከፍታውን ራሷ ታስተካክላለች፣ ጠዋት ትነሳለች። የ1.0 ሊትሩ 70፣ የ1.3ቱ 87 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣል። ችግሩ የምትገፋው ከፊት መሆኑ ነው። በፊት ጎማ የሚገፋ ቀላል መኪና ኮን ሜዳ ላይ ፈጣን ሊሆን ይችላል፤ ደስታው ግን ግማሽ ነው።

መፍትሔው ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ የፊት ክንዶቹንና ጎማ ተሸካሚዎቹን እንዳለ ከወንበሩ ጀርባ መውሰድ ነው። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ፊያት በ1972 እ.ኤ.አ. ኤክስ1/9 የተባለችውን መኪና የሠራችው የራሷን የ128 መኪና የፊት ሞተርና ካምቢዮ ወደ ኋላ ወስዳ ነው፤ ቶዮታም በ1984 ኤምአር2ን ከፊት ጎማ ገፊዋ ኮሮላ በወሰደችው ዕቃ ሠርታለች። ክብደቱ የሚገፉት ጎማዎች ላይ ይወድቃል፤ ከኮን ስትወጡ መሬቱን ትቆነጥጣለች። ከዲኤክስ በእውነት የምትበልጥበት ቦታ ይህ ነው።

ሥራው ግን ዝርዝር ይበዛዋል። መሪው ይገናኝበት የነበረው ጫፍ አሁን ከኋላ ስለሆነ ርዝመቱ በሚስተካከል ጠንካራ ዘንግ ከሻንሲው ጋር መታሰር አለበት፤ ዘንጉ ከታችኛው ክንድ ጋር እኩልና ትይዩ ካልሆነ መኪናዋ ኋላዋን እንደ መሪ ታዞራለች። ለፊት ጎማ ደግሞ የሌላ ቪትዝ የፊት ተሸካሚ ያስፈልጋል፣ የኋላዋ ለዚህ አይሆንም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ የተሸካሚው ኩሽኔታ ተጨምቆ የሚቆመው በመገፊያው ዘንግ ጫፍና በዳዶው ነው። ዘንጉ አያስፈልግም ብላችሁ ባዶውን ከተዋችሁት ኩሽኔታው ይለቅና ጎማው ይሄዳል። የዘንጉን ጫፍ ብቻ አስቀርታችሁ በዳዶው እሰሩት።

የማርሽ ገመዶቹ ይረዝማሉ። የራዲያተር ቱቦ ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከፍ ባለው ቦታ አየር ማስወጫ ካልተበጀለት ሞተሩ ይግላል። ኮምፒውተሩን ከነቁልፉ፣ ከነመላ ሽቦው ውሰዱ፤ ሽቦ ከመነቀሉ በፊት እያንዳንዱ ሶኬት ላይ ወረቀት ለጥፉ። አውቶማቲክ ከሆነች እለፏት። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዘዋወረች ከሆነች ግን አትፍሩ፤ ያ ክፍል በእናንተ እጅ የሚቀየር ነው፣ በዋጋው ለመከራከር ይጠቅማችኋል።

ቮልስ

ቮልስ በዓለም ላይ የኪት ካር እናት ናት። ቦዲዋ በብሎን ከወለሏ ይለያል፤ ብሩስ ሜየርስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የፋይበር ቦዲ ጭኖ የአሸዋ መኪና ያደረጋትም ለዚህ ነው። ለሥራ ቀላሏ እሷ ናት፣ አልክድም። ነገር ግን በአየር የምትቀዘቅዝ ሞተር በዚህ ከፍታ ስትጨነቅ ትግላለች፤ በአሮጌዎቹ ላይ ያለው የሚወዛወዝ የኋላ አክስል ደግሞ መሪ በድንገት ሲዞር ውጪኛውን ጎማ ከሥሯ ያጥፋል። ጃንሆይ በ1967 ዓ.ም. መባቻ ከቤተ መንግሥት የወጡባት መኪና ናት፤ ዛሬም የሚያድኗት ሰብሳቢዎች አሉ። የዛገችም ብትሆን ለእርድ ከሚከፍለው ይልቅ ለማደስ የሚገዛት የበለጠ ይከፍላል። ሽጡላቸው፣ በገንዘቡ ዲኤክስ ግዙ።

ባጃጅ፣ ሚኒባስ

የባሕር ዳር ተማሪ ከሆናችሁና ኪሳችሁ ባዶ ከሆነ ባጃጅ አትናቁ። ሞተሩ 200 ሲሲ የማይሞላ፣ 10 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፤ ካምቢዮና ዲፈረንሻሉ ከኋላ አብሮ ስለሚመጣ ሰንሰለትም ረጅም ዘንግም መፍጠር የለባችሁም፤ ወደ ኋላ ማርሽም አለው። ከእሷ የምትወጣው ባለአራት ጎማ ካርት ናት። ፊቱን፣ መሪውንና ፔዳሉን እናንተ ትሠራላችሁ፤ ፍሪሲዮኑና ማርሹ የእጀታ ስለሆኑ ወደ እግርና ወደ ዘንግ ማዛወር ይኖራል። ጎማውን 4.00-8 እንደሆነ ከተዋችሁት ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ይንሸራተታል፤ ለመማር ግን ይህ መልካም ነው፣ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪና ማንሸራተት ትማሩበታላችሁ።

ሚኒባስ ወይም ፒክአፕ ርካሽ ነው ብለው የሚመክሯችሁ ይኖራሉ። የናፍጣ ሞተሩ ክብደት ብቻ የሠራችሁትን ሁሉ ያበላሻል። አይሆንም።

ማንኛዋንም ብታርዱ

ለጎማና ለፍሬን ገንዘብ ሳታስቀምጡ ሞተር አትንኩ። 600 ኪሎ የማትሞላ መኪና ላይ ሰርቮውን አውጥታችሁ ያለ እገዛ ብትነዱ ይሻላል፤ ፔዳሉ ከከበደ የማስተር ፖምፓውን ውፍረት አሳንሱ፣ የሚረዝመው የፔዳሉ ጉዞ ይቻላል። የፍሬን ዘይቱ ዶት 4 የተባለው ደረጃ ይሁን፤ አዲሱ ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፣ ዶት 3 ግን 205 ነው። ዘይት ውኃ ከአየር ስለሚጠጣ ከክረምት ሲወጣ መለወጥ አለበት።

ከራስ በላይ የሚቆመው የመገልበጫ ቅስት በውኃ ቧንቧ አይሠራም። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ለዋናው ቅስት የሚያስቀምጠው ስፌት የሌለው የብረት ቱቦ ነው፦ 45 ሚሊ ሜትር በ2.5 ውፍረት፣ ወይም 50 በ2። የቧንቧው ዚንክ ሲበየድ የሚያወጣው ጭስም በያጁን ያሳምማል። ይህን ቱቦ ጎጃም ላይ ካጣችሁት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቁ፤ መኪናዋ ያለ ቅስት አትነሳ።

ወረቀቱን ደግሞ ከመቁረጣችሁ በፊት ጨርሱ። ሊብሬው በሻጩ ስም መሆኑንና እገዳ እንደሌለበት አረጋግጡ፤ ሰሌዳ ስለመመለስ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ። የሻንሲ ቁጥሩ ያለበትን ብረት ቆርጣችሁ አትጣሉ። አዲሷ መኪና ሰሌዳ ስለሌላት ወደ ሜዳ የምትሄደው በአይሱዙ ተጭና ነው። የአይሱዙው ወለል ከፍ ያለ፣ የእናንተ መኪና ሆድ ደግሞ ዝቅ ያለ ነውና አጭር መወጣጫ ላይ መሐሏ ይሰቀላል። ሻንሲው ሲበየድ ቱቦላሬ አስተርፋችሁ ሦስት ሜትር የሚሆን መወጣጫ አብራችሁ አሠሩ።